ስለ ሕፃን የልደት በዓልና በማድ ቤት ስላለችው ልጅ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የማነሣው ነገር ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። በየቤቱ ለሕፃናት የሚደረገውን የልደት በዓል የሚመለከት ነውና «ይህ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?» የሚል አይታጣም። እኔም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

በዚያ ወር በአንድ እሑድ ከቀትር በኋላ አዳማ ከተማ አንድ የቆየ ወዳጄ ጠርቶኝ ሄድሁ። የልጁ ሦስተኛ ዓመት የልደት ቀን ነበር። በግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ በየገመዱ ፊኛ ተንጠልጥሎ፣ ፈንዲሻውና ከረሜላው በሰፌድ ተሞልቶ ቀርቧል። ኬኩም ከመኻል ከተማ በባጃጅ፣ በሰው ጕልበት ላይ ተይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለ ነበረ እመቤቲቱ ለእንግዶቹ አስባ እንቍላልና ቅቤ ያልገባበትን የጾም ኬክ አዝዛ ነበር። ሕፃኑ አዲስ ልብስ ለብሶ ከሚያብለጨልጭ ወረቀት የተሠራ ዘውድ በራሱ ላይ ተደፍቶለታል፤ ዘውዱ ሰፍቶት ዐይኑ ላይ እየወረደ ያስቸግረው ነበር።

የአዳማ ነፋስ በበጋ እንዴት እንደ ሆነ ከተማይቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በአጠገብዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ ታላላቅ መንኰራኵሮች ቆመው ያንኑ ነፋስ ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል ይለውጡታል። ያም ነፋስ መጣና ሦስቱን ሻማዎች ሕፃኑ እፍ ሳይል አጠፋቸው። ሁለተኛ ቢለኰሱ ሁለተኛ ጠፉ። ሕፃኑም ማልቀስ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከማድ ቤት አንዲት ልጅ ወጣችና ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ ነፋሱን ከለከለችለት። ሻማው ነደደ፤ ሕፃኑም እፍ አለ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ግን ልጅቱ በሥዕሉ ውስጥ እንዳትገባ በእጁ ምልክት ሰጥቶ «ፈቀቅ በይ» አላት። ፈቀቅ አለችና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። እኔም በዚያን ጊዜ ነገሩን ልብ ሳልለው አለፍሁ፤ እንደ ሌላው አጨበጨብሁ።

ከእንግዶቹ መካከል የቤቱ የንስሐ አባት ነበሩ። ዘውዱን አይተው ፈገግ አሉና እንዲህ አሉ፤ «በመጽሐፍ የልደት ቀናቸውን በግብዣ ሲያከብሩ የምናገኛቸው ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው። በአንደኛው ልደት የእንጀራ ጋጋሪዎች አለቃ ተሰቀለ፤ በሁለተኛው ልደት የመጥምቁ የዮሐንስ ራስ በወጭት ቀረበ። እናንተስ ይህን ከማን ተማራችሁት?» ከአጠገባቸው የተቀመጠ አንድ መምህር ደግሞ «አባታችን፤ ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታን፣ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን፣ ሰኔ 30 ቀን የራሱን የዮሐንስን መወለድ ታከብር የለምን?» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «የእነዚያ ልደት ለእኛ ነው። የዚህ ልደት ለማን ነው?» አሉ።

ጥያቄው ለጨዋታ የተነገረ ቢሆንም ከዚያ ዕለት ጀምሮ አልለቀቀኝም።

የቀድሞ ሰዎች ልደታቸውን አያውቁም ነበር ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ዓመቱን ባያውቁት ዕለቱን ያውቁት ነበር። በወር በገባ በ12 ቀን የተወለደ ሰው «በሚካኤል ተወለድሁ» ይላል፤ በ21 የተወለደው በማርያም፣ በ23 የተወለደው በጊዮርጊስ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የክርስትና ስሙ ከዚያው ይወጣለታል። ስለዚህ የልደቱ ዕለት በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይመለስለታል ማለት ነው። አቅም ያለውም በዚያ ዕለት ዝክር ይዘክራል፤ ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ለጎረቤት፣ ለካህንና ለድኻ ያቀርባል። በዚህ ልማድ የሚሰጠው ባለ ልደቱ ነው፤ በዛሬው ልማድ ግን የሚቀበለው ባለ ልደቱ ነው። (ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን እንደ ዛሬው ልማድ ሻማውን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሊያጠፋ መሆኑን ሳስብ ያሥቀኛል።)

ከዚያም በፊት፣ ልጁ በተወለደበት በዚያው ቀን የሚደረግ ግብዣ አለ። ምጥ በያዛት ሴት ዙሪያ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ በሰላም ስትገላገል እልል ብለው ገንፎ ያገነፋሉ። በአዳማና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሞ እናቶችም ያንኑ ማርቃ ብለው ያቀርቡታል። ሰው ሁሉ እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው እናቲቱን ነው፤ ሞት ከደጅ ደርሶ የተመለሰው ከርስዋ ነውና። ከዚያ በኋላ በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ በተነገረው መሠረት ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ድግሱም ይደገሳል። በእነዚህ ሁሉ ሕፃኑ የድግሱ ምክንያት ነው እንጂ የድግሱ ጌታ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓትም ዘመንን በስምንት ስምንት ዓመት ይቈጥራል። ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ከእርከን ወደ እርከን ይሸጋገራል እንጂ ለብቻው ተነጥሎ አይቈጠርም።

የአንድ ሰው ልደት ለብቻው ሲከበር በአገራችን ያየነው ከቤተ መንግሥት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ሐምሌ 16 ንግሥናቸው በ1967 ዓ.ም. እስካበቃ ድረስ የመንግሥት በዓል ሆኖ ይከበር ነበር። አዳማም በዚያን ዘመን በእርሳቸው ፈቃድ ናዝሬት ትባል ነበር። እንግዲህ የንስሐ አባቱ ፈርዖንንና ሄሮድስን ያነሡት ያለ ነገር አይደለም፤ የልደት በዓል የንጉሥ ነገር ነበር። ዛሬ ንጉሡ ሄደ፤ ዘውዱ ግን ወረቀት ሆኖ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቶ በሕፃናት ራስ ላይ ተቀመጠ። የቀረውንም ከስሙ መረዳት ይቻላል። ከረሜላና ቶርታ ከኢጣልያ ቋንቋ፣ ኬክ ከእንግሊዝ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስኳሩ ብቻ የቅርብ ሰው ነው፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶች ኩባንያ ከአዳማ አጠገብ ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ፤ አሮጌው ዛሬ በአዲስ ተተክቷል።

እኔ ግን ልማዱ ከውጭ ስለ መጣ ብቻ የሚነቅፉትን አልከተላቸውም። ባቡርም ከውጭ መጥቶ ነው አዳማን ያሳደጋት። የሕፃን ሣቅም በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ኀጢአት ሊባል አይችልም። የኢዮብ ልጆች እያንዳንዳቸው በየቀናቸው ግብዣ ያደርጉ እንደ ነበር ተጽፏል፤ አባታቸውም አልከለከላቸውም። የግብዣው ቀን ባለፈ ጊዜ ማልዶ እየተነሣ ምናልባት በድለው ይሆናል ብሎ ስለ እነርሱ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር እንጂ። ስለዚህ ለሕፃን ልደት በቤት ግብዣ ማድረግ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ወደ ዋናው ነገር የሚያደርሰን አይመስለኝም።

ሄሮድስን ራሱን ብንመለከተው በደሉ ልደቱን ማክበሩ አልነበረም። ንጉሡ የዮሐንስ ራስ በተጠየቀ ጊዜ አዘነ ይላል ወንጌሉ፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና ከእርሱ ጋር በማዕድ ስለ ተቀመጡት ሰዎች ሲል እንዲሰጣት አዘዘ። ከእንግዶቹ ፊት ማፈርን ከነቢይ ደም ይልቅ ፈራ ማለት ነው። ይህን ነገር እኛ በአገራችን ይሉኝታ ብለን እንጠራዋለን፤ ብዙ ጊዜም እንደ መልካም ጠባይ እንቈጥረዋለን። ወዳጄ በዚያ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የድግሱን ወጪ ለመሸፈን የዕቁብ ተራውን ከሌላ ሰው ጋር እንደ ለወጠ ነገረኝ። «ለምን?» ብለው «ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ ልደት ነበር፤ እኛም ካላደረግን ምን ይሉናል?» አለኝ። ሕፃኑ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። እርሱ የፈለገው ፊኛውን ነበር። የንስሐ አባቱ «ለማን ነው?» ላሉት አንደኛው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ በማዕድ ለተቀመጡት ሰዎች ነው። በእነዚያም ውስጥ እኔ አለሁበት።

ነገር ግን ከሄሮድስ ይልቅ ለዚያ ቀን የሚቀርብ ሌላ ታሪክ በመጽሐፍ አለ፤ ብዙ ሰውም ሲያነብበው የግብዣ ታሪክ መሆኑን ልብ አይለውም። አብርሃም ይስሐቅ ጡት በተወ ቀን ታላቅ ግብዣ አደረገ። በጥንቱ ልማድ ልጅ ጡት የሚተወው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ነበርና ያ ሕፃን የወዳጄ ልጅ እኩያ ነበር ማለት ይቻላል። አባትና እናት በስተርጅና ያገኙት ልጅ ነው፤ ደስታቸው እውነተኛ ነው፤ ግብዣውም የተገባ ነው። በዚያው ግብዣ ግን ሣራ የግብፃዊቱን የአጋርን ልጅ አየች። ልጁ ሲሥቅ ነው ያየችው፤ ሣቁ መሣቂያ ማድረግ ነው የሚሉም፣ ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። በማግሥቱ አጋርና ልጅዋ እንጀራና የውሃ አቍማዳ ተሸክመው ወደ ምድረ በዳ ሄዱ።

ይህን ስናገር አንድ የተማረ ካህን ወዲያው እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። እግዚአብሔር አብርሃምን የሣራን ቃል ስማ ብሎታል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ነገሩን ለሁለቱ ኪዳኖች ምሳሌ አድርጎ ተርጕሞታል፤ አንተ ማን ነህና ሣራን ትወቅሳለህ? ሊለኝ ይችላል። እኔ ሣራን አልወቅስም፤ ትርጓሜውንም አልነካም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያው መጽሐፍ አብርሃም በነገሩ እጅግ እንደ ተጨነቀ አይሸሽግም። በምድረ በዳም የተሰማው የማን ድምፅ እንደ ሆነ ይነግረናል። እናቲቱ ጮኻ አልቅሳ ሳለ እግዚአብሔር የሰማው የልጁን ድምፅ ነው። ልጁም ገና ሳይወለድ እስማኤል፣ «እግዚአብሔር ይሰማል» ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ለይስሐቅ በተደረገው ግብዣ ላይ ግን ከተቀመጡት እንግዶች አንድ ስንኳ ሰምቶት እንደ ሆነ አልተጻፈም።

ወደ ወዳጄ ቤት ልመለስ። ማምሻውን እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ እኔ አድሬ ለመሄድ ቀረሁ። ነጠላዋን የዘረጋችው ልጅ የወዳደቀውን ፈንዲሻ ስትጠርግ አየሁና ጠራኋት። በዚያ ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ስገባና ስወጣ ቡና አፍልታልኛለች፤ እጄን አስታጥባኛለች። እኔ ግን «አንቺ ልጅ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርቻት አላውቅም ነበር፤ ስሟንም ጠይቄ አላውቅም። ያን ዕለት ስሟን ጠየቅሁና ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ «አንቺስ መቼ ተወለድሽ?» አልኋት።

ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ እንጃ ጋሼ። እናቴ ገብስ ሲታጨድ ነው ትላለች» አለችኝ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እሱን አታውቅም።»

አገሯ ከአሰላ ወዲያ ያለው የአርሲ ደጋ ነው። ዕድሜዋን ወዳጄን ብጠይቀው «ዐሥራ አራት ትሆናለች፤ ዐሥራ አምስትም ሊሆናት ይችላል» አለኝ። ሚስቱ ደግሞ «የለም፤ ሰውነቷ ትንሽ ስለ ሆነ ነው እንጂ ዐሥራ ስድስት ይሆናታል» አለች። በዚያ ቤት የሦስት ዓመቱ ሕፃን የተወለደበት ሰዓት ሳይቀር በማስታወሻ ተጽፎ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል። የልጅቱን ዓመት ግን ሦስት ሰዎች ተቀምጠን በግምት ተከራከርንበት።

የዓመት ቍጥር ማወቅ የኬክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ በሰው ቤት የሚሠራውን የቤት ሥራ ግን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ሕጉ እንኳ ወደዚያ ቤት ቢገባ ልጅቱ ዐሥራ አራት ትሁን ዐሥራ ስድስት በምን ያውቃል? ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ለመጻፍ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ሕፃን መዝገቡ የእናቱ ልብ ነበር፤ የእናት ልብም የሚቈጥረው በአጨዳና በዝናብ፣ በከብት እልቂትና በሠርግ ነው። ወደ ውጭ አገር ከተሰደዱት ወገኖቻችን ውስጥ ልደታቸው በፈረንጆች የዓመት መጀመሪያ ቀን የተመዘገበ ብዙዎች አሉ፤ ጸሓፊው የሚጽፈው ቀን ቢያጣ ያንን ጻፈላቸው። በአንድ ቀን የተወለዱ ይህን ያህል ሰዎች በሌላ ሕዝብ ዘንድ ይገኙ እንደ ሆነ እንጃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ለሠራተኛይቱም ልደት ይደረግላት የሚል ሰው ይኖራል፤ አሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን በአንድ ምሽት ኬክ የዓመቱን ሙሉ «አንቺ ልጅ» ማጠብ የሚቻል አይመስለኝም። ደግሞም ይህ ራሱ ሌላ ፎቶግራፍ እንዳይሆን እፈራለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ምንም ባለማድረግ የሚገኘውን ንጽሕና አላምነውም። ወዳጄና ሚስቱ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጅቱ ከእነርሱ ጋር ከአንድ መሶብ ትበላለች፤ ታምማ በነበረ ጊዜ እመቤቲቱ ሌሊቱን ከራስጌዋ ተቀምጣ አድራለች። ማታ ትምህርት ቤት እንልካታለን ብለው ያወራሉ፤ እስካሁን ግን አልላኳትም። እንዲህ ያለውን ቤት ለመውቀስ ጠጠር ማንሣት ለእኔ አይሆንልኝም፤ የእኔም ቤት ከዚህ የተለየ አይደለምና።

የአጋርን ነገር ያነሣሁላቸው በዚያ ማታ ነበር። እመቤቲቱ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ «በአርሲ ደጋ ገብስ የሚታጨደው መቼ ነው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው። እርሱም የገበሬ ልጅ ነውና «ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ነው» አላት።

እኛ ያለነው በታኅሣሥ ነበር።

ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሕፃኑ የወረቀት ዘውዱን እንደ ደፋ ሶፋው ላይ ተኝቷል። እመቤቲቱ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደችና ከልጅቱ ጋር ብዙ ተነጋገረች፤ የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ስትመለስ እንዲህ አለችን፤ የልጅቱ እናት ስልክ የላትም፤ ነገር ግን ከመንደራቸው አንድ እህል ነጋዴ በገበያ ቀን ወደ አዳማ ይወርዳል። በእርሱ እጅ ለእናቲቱ መልእክት ይላክባታል፤ ያን ዓመት ገብስ ሲታጨድ በአገሩ ሌላ ምን ተደርጎ እንደ ነበር፣ ማን ሞቶ፣ ማን አግብቶ፣ ዝናቡስ እንዴት እንደ ነበር ትጠየቃለች፤ ከዚያ ዓመቱን ቈጥሮ ማግኘት ይቻል ይሆናል።

በጥምቀት ሰሞን ለወዳጄ ስልክ ደውዬ ነበር። ነጋዴው መልእክቱን ይዞ ወጥቷል፤ ገና አልተመለሰም አለኝ። ልጅቱም በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ በሩ እየወጣች ትመለከታለች አለኝ።